የሟች ሠዓሊ ሥራና የዘመኑ ዲጂታል መዝገብ



ሠዓሊ በሕይወት ሳለ ስለ ሥራው ራሱ ይናገራል፤ ከሞተ በኋላ ግን የሚናገሩለት ወራሾቹና ሥራውን በአደራ የያዙት ሰዎች ናቸው። ይህ የአደራ ነገር ዛሬ በአዲስ መልክ መጥቷል፤ ይኸውም በሸራና በወረቀት ላይ የተሣለውን ሥራ በኮምፒዩተር ቀድቶ፣ ብሎክቼይን በሚባል መዝገብ አስመዝግቦ ለሰብሳቢዎች መሸጥ ነው። ተማሪ ስለዚህ ነገር ሲጠይቅ መምህሩ የሚመልሰው ሊያጣ አይገባም።

በመጀመሪያ የነገሩን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። ብሎክቼይን ማለት አንድ ሰው ብቻ የማይዘው፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ በአንድነት የሚጻፍ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የቀደመውን ክፍል ምልክት ስለሚይዝ፣ አንድ ጊዜ የተጻፈውን በስውር መፋቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ለአንድ ሥዕል ቅጂ የሚሰጠው ልዩ ምስክር ኤንኤፍቲ ይባላል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉ በመዝገቡ ውስጥ አይገኝም፤ የሚገኘው ሥዕሉ የተቀመጠበትን ስፍራ የሚያመለክት አድራሻ ነው። የርስት መዝገብ ርስቱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይህም ምስክር ሥዕሉ አይደለም። ደግሞም መዝገቡ የተጻፈበትን ይጠብቃል እንጂ፣ ያስመዘገበው ሰው እውነት መናገሩን አይመረምርም።

ቀጥሎ የተደረገውን እንመልከት፤ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ክሊምት በ1918 ሞተ። «መሳሳም» የተባለው ታላቅ ሥዕሉ የሚገኘው በቪየና በቤልቬዴሬ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ በፌብሩዋሪ 2022 የሥዕሉን ዲጂታል ቅጂ ለ10,000 ቁራጭ ከፍሎ፣ እያንዳንዱን በ1,850 ዩሮ ለገበያ አቀረበ። ሸራው ግን በሙዚየሙ ቀረ፤ ገዢውም ከሸራው አንዲት ክር እንኳ አልገዛም።

በፍሎሬንስ የሚገኘው የኡፊትሲ ሙዚየም ደግሞ በ1564 የሞተው የሚኬላንጄሎ ሥራ ከሆነው ከ«ዶኒ ቶንዶ» የተቀዳ አንድ ዲጂታል ቅጂ በ2021 በ240 ሺህ ዩሮ ተሸጠለት። ከዚህ ገንዘብ ለሙዚየሙ የደረሰው 70 ሺህ ዩሮ ብቻ መሆኑ ሲታወቅ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ በ2022ም የኢጣልያ መንግሥት ሙዚየሞቹ እንዲህ ያለውን ውል እንዲያቆሙ አዘዘ። መንግሥትን ያሳሰበው ቅጂው መሠራቱ ሳይሆን፣ የሕዝብ ሀብት በማን እጅና በምን ውል እንደሚሸጥ አለመጥራቱ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በዚያው በ2022 በማያሚ ከተማ የተደረገው ነው። በ1954 የሞተችው የሜክሲኮይቱ ሠዓሊ የፍሪዳ ካሎ ሥራ ነው የተባለ አንድ የወረቀት ሥዕል፣ ባለቤቱ በእንግዶች ፊት አቃጠለውና 10,000 ኤንኤፍቲ ለሽያጭ አቀረበ። በሜክሲኮ የካሎ ሥራዎች ከ1984 ጀምሮ በሕግ የተጠበቁ የኪነ ጥበብ ቅርሶች ናቸውና፣ የአገሪቱ የጥበባት ተቋም ነገሩን መመርመር ጀመረ። የተቃጠለው እውነተኛው ሥራ ከሆነ ሊመለስ የማይችል ጥፋት ነው፤ ሐሰተኛ ከሆነም ገዢው ተታሏል። ወረቀቱ ዐመድ ስለሆነ መርማሪ ቀለሙንና ወረቀቱን እንደ ቀድሞው ሊፈትሽ አይችልም። የማይፋቀው መዝገብም ይህን ጉድለት አልሞላም።

ከእነዚህ ነገሮች ለክፍል ትምህርት የሚሆኑ ሦስት ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ዋናው ሥራ የት ነው? ማንስ ይጠብቀዋል? ሁለተኛ፣ የማባዛት መብቱ የማን ነው? በብዙ አገሮች ሸራውን መግዛትና ቅጂውን የማባዛት መብት ማግኘት የተለያዩ ናቸው፤ በኢትዮጵያም በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የሠዓሊውን የጥቅም መብት በዕድሜው ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ ገዢው ምን እንደሚያገኝ በግልጽ ተነግሮታልን?

ጥያቄዎቹ በትክክል ከተመለሱ፣ አዲሱ መዝገብ የሟቹን ስም ወደ ሩቅ አገር ሊያደርስ፣ ለሥራውም መጠበቂያ ገንዘብ ሊያስገኝ ይችላል። ካልተመለሱ ግን ትርፉ ለነጋዴው፣ ኪሳራው ለትውልድ ይሆናል። ሟቹ ተነሥቶ «ይህ ሥራዬ ነው፤ ይህን አልፈቀድሁም» ሊል አይችልምና፣ መምህር ሆይ፣ ተማሪህ ቅጂውን በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ከማድነቁ አስቀድሞ ዋናውን ማክበር እንዲለምድ አስተምረው።