የማዕከላዊ መንግሥት ፖለቲካ በክፍለ ሀገር ምርጫ ላይ ስላለው ኃይል



የክርክር ክበባችን «የክፍለ ሀገር ሕዝብ ድምፁን ሲሰጥ የሚፈርደው በማን ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ አቅርቦልኛል። ለዚህ ከጀርመን አገር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀርመን 16 ክፍላተ ሀገር ያሉባት የፌዴራል መንግሥት ናት። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን ምክር ቤት ይመርጣል፤ ትምህርት ቤትንና ፖሊስን የመሰለውን ጉዳይም ራሱ ያስተዳድራል። ምርጫዎቹ ግን ሁሉም በአንድ ቀን አይደረጉም። ስለዚህ በማዕከላዊው መንግሥት የተቆጣ ሰው አገር አቀፉን ምርጫ ሳይጠብቅ ቁጣውን የሚገልጽበት ሣጥን ያገኛል። በዚያ ላይ የመንግሥቱ ደጋፊ ቅር ሲለው ከቤቱ ይውላል፤ ተቃዋሚው ግን ማልዶ ይወጣል።

ይህን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት አሉ። እኔ ግን ተረቱ አይስማማውም እላለሁ። የክፍላተ ሀገር መንግሥታት ቡንደስራት ወደሚባለው ምክር ቤት እንደራሴዎቻቸውን ይልካሉ፤ ከ69ኙ ድምፅ እያንዳንዳቸው ከ3 እስከ 6 ይይዛሉ። ብዙ ታላላቅ ሕግ ያለዚህ ምክር ቤት ፈቃድ አይጸናም። እንግዲህ በጀርመን ዳውላው አህያውን ሊያቆመው ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ ዋናው አስረጅ የሄሰን ምርጫ ነው። በ1998 ዓ.ም. መጸው የጌርሃርድ ሽሮደር ሶሻል ዴሞክራቶች ከአረንጓዴዎች ጋር ሥልጣን ያዙ። ለረጅም ጊዜ በጀርመን የኖረ የውጭ አገር ሰው የቀድሞ ዜግነቱን ሳይተው ጀርመናዊ እንዲሆን የሚፈቅድ ሕግም አሰቡ። በሄሰን የክርስቲያን ዴሞክራቶች መሪ የነበረው ሮላንድ ኮህ ይህን ሕግ በመቃወም በየአደባባዩ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ጉዳዩ የፌዴራሉ እንጂ የሄሰን አልነበረም። የካቲት 7 ቀን 1999 ዓ.ም. ፓርቲው 43.4 በመቶ አገኘ። ሶሻል ዴሞክራቶች እንኳ ከቀድሞው ጥቂት ጨምረው ነበር፤ ነገር ግን አረንጓዴዎቹ ከ11.2 ወደ 7.2 በመቶ ስለ ወረዱ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ወደቀ። ከእርሱ ጋር የሄሰን 5 ድምፅ ሄደ፤ ሽሮደርም በቡንደስራት የነበረውን ብልጫ አጣ።

ሕጉ ተለዝቦ ወጣ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርመን ምድር የተወለደ የውጭ አገር ሰው ልጅ ዜግነት ቢያገኝም፣ እስከ 23 ዓመቱ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ታዘዘ። ይህ ግዴታ በ2014 ዓ.ም. ላላ፤ ጥምር ዜግነት በጠቅላላው የተፈቀደው ግን ገና ሰኔ 27 ቀን 2024 ዓ.ም. ነው። የነገሩ ባለቤቶች፣ ማለት የልጆቹ ወላጆች፣ የውጭ አገር ሰዎች በመሆናቸው በዚያ ምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ ይህ ነው።

(የተሸነፈው የሄሰን አስተዳዳሪ ሃንስ አይኸል ከሁለት ወር በኋላ የፌዴራሉ ገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። ሽንፈትም አንዳንድ ጊዜ ሹመት ያመጣል!)

በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ አጡ ከ5 ሚሊዮን በላይ በደረሰበት ጊዜ፣ በኖርድራይን ቬስትፋለን ሶሻል ዴሞክራቶች 39 ዓመት የያዙትን ሥልጣን ግንቦት 22 ቀን አጡ። ሽሮደር በዚያው ምሽት አገር አቀፉ ምርጫ አስቀድሞ እንዲደረግ እንደሚፈልግ አስታወቀ፤ በኅዳር ወርም አንጌላ ሜርክል ቦታውን ያዘች።

ሆኖም ነፋሱ ሁሉን አንድ አድርጎ አይጠርግም። መጋቢት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን መረጡ። ሶሻል ዴሞክራቶች በባደን ቩርተምበርግ 12.7 በመቶ ብቻ አገኙ፤ በዚያ ሕዝቡ የለመደው የአረንጓዴው መሪ ቪንፍሪድ ክሬችማን ነበረ። ከድንበሩ ማዶ፣ በራይንላንድ ፕፋልዝ፣ ያው ፓርቲ በክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ በማሉ ድራየር ስም ቀርቦ 36.2 በመቶ አገኘ።