ቆጣሪው በማን እጅ ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ደራሲያንና ስለ ተዋንያን ክፍያ መሐንዲስ ምን አግብቶት ይናገራል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ነገሩን በመረመርኩት መጠን ግን ከሥነ ጥበብ ይልቅ የልኬት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ልኬትም የሙያችን ሥራ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1960 የሆሊውድ ተዋንያንና ደራሲያን ሥራ አቁመው ከታገሉ በኋላ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሠሩ ፊልሞች በቴሌቪዥን ሲታዩ ተጨማሪ ክፍያ የማግኘት መብት አስከበሩ። ይህ የድጋሚ ማሳያ ክፍያ ሥራ በሚጠፋበት ወራት የቤት ኪራይና የቀለብ መሸፈኛ ነበረ። ሥርዓቱም የቆመው በግልጽ በሚታይ ነገር ላይ ነው፤ ፊልሙ በየትኛው ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን እንደ ታየ ማንም ሊቆጥረው ይችል ነበርና።

ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልምን በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት፤ ያ መሠረትም ተናጋ። ደንበኛው የሚከፍለው በወር እንጂ በፊልም ባለመሆኑ፣ ከአንዱ ሥራ የተገኘውን ገቢ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ። የድጋሚ ማሳያውም ክፍያ ሥራውን ባዩት ሰዎች ብዛት ሳይሆን አስቀድሞ በተወሰነ ሒሳብ የሚታሰብ ሆነ። እውነተኛውን ቁጥር የሚያውቀው ከፋዩ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 ደራሲያኑ 148 ቀን፣ ተዋንያኑ 118 ቀን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ደራሲያኑ በመጨረሻ ሁለት ነገር አገኙ። አንደኛው፣ በከፍተኛ ወጪ የተሠራ ሥራ በወጣ በ90 ቀን ውስጥ ከአገር ውስጥ ደንበኞች 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ካዩት፣ ከተወሰነው የድጋሚ ክፍያ 50 በመቶ እንዲጨመር ነው። ሁለተኛው፣ ድርጅቶቹ ራሳቸው ያሠሯቸው እንዲህ ያሉ ሥራዎች ስንት ሰዓት እንደ ታዩ ለደራሲያኑ ማኅበር በምሥጢር እንዲያስታውቁ፣ ማኅበሩም ለአባላቱ በድምር ብቻ እንዲገልጽ ነው።

በእኔ አስተያየት፣ ጎደሎ ቢሆንም እንኳ፣ ከመጀመሪያው ሁለተኛው ይበልጣል። ነጋዴ ምሥጢሩን ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን አንዱ ወገን ብቻ የሚያየው ቁጥር የሌላው ሰው እንጀራ መለኪያ ሊሆን አይገባውም። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ በየቤታችን የተሰቀለው ከፋዩም አስከፋዩም አንድ ቁጥር እንዲያነቡ አይደለምን?

እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተጠቃሚዎችን ብዛት የሚቆጥር ፕሮግራም በሠራሁ ጊዜ፣ እንዳይሳሳት ብዙ ሌሊት ደክሜአለሁ። ውጤቱን እነማን ያዩታል ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ያ ጥያቄ የሕግ ሰዎች እንጂ የእኔ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ግን፣ ቆጣሪን የሚሠራ ሰው መስኮቱ ወዴት እንደሚዞር አብሮ ይወስናል እላለሁ። ለሚቀጥለው ሥራችሁ ይህን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።