ኤሌክትሮን ዜና አይሰማም

ፊዚክስ ተምሮ ማኅበረሰብን በኮምፒውተር ስሌት ወደሚያጠናው ዘርፍ ለድኅረ ምረቃ መሻገር ይቻላል፤ ስሌቱ ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። ምሳሌ ሲጠሩ ብዙዎች የሚያነሱት ዳንከን ዋትስ በፊዚክስ ጀምሮ ኋላ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ፕሮፌሰር የሆነው ሶሲዮሎጂውንም ጠንክሮ ስለያዘ ይመስለኛል። «ዳታው ከበዛ ቲዎሪ ምን ያደርጋል?» ባይ አይጠፋም። ጉግል ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጓቸውን ቃላት እየቆጠረ ኢንፍሉዌንዛን ይተነብይ ነበር፤ ዳታ መቼም አላነሰውም። በ2012/13 እ.ኤ.አ. የኢንፍሉዌንዛ ወቅት ግን ግምቱ ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል አሃዝ እጥፍ ገደማ ደረሰ። ፊዚክስ የሚያጠናው ኤሌክትሮን ዜና አይሰማም፤ ሰው ግን ሳይታመምም ዜና ሰምቶ «ትኩሳት» ብሎ ይጽፋል፣ የመፈለጊያው ሳጥንም ቀሪውን ቃል ይጠቁመዋል። ስለዚህ አመልካቹ ከኮዲንግ ኮርሱ በፊት የናሙና አወሳሰድና የመጠይቅ ዝግጅት በደንብ ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቅ።