አፈርና ውኃ የሚጠይቁን ሒሳብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 እንድናገር የታዘዝሁት የሲቪልና የአካባቢ ምሕንድስና ተማሪ በዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚማር ነው። ብዙ ሰው መሐንዲስ ሲባል ቆሞ ሌላውን የሚያዝ ሰው ይመስለዋል። ትምህርቱ ግን የሚጀምረው ከማዘዝ ሳይሆን ከመለካት ነው።

እኛ የደብረ ታቦር ልጆች ለዚህ ነገር ባዕድ አይደለንም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚሁ አጠገባችን በጋፋት ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። ንጉሡ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ነበር። ወራቱን ሁሉ የፈጀው ጉተታው ብቻ ሳይሆን መንገዱን መጥረጉም ነው። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋራ ይሠሩ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል።

ይህን ታሪክ በሒሳብ እንየው። መንገዱ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ቢሆን፣ የመንኰራኵሩን ሰበቃ ሳንቈጥር 70 ኩንታሉ ወደ 7 ኩንታል በሚያህል ኃይል ወደ ኋላ ይስባል። መንገዱ ዞር ብሎ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ቢወጣ ግን ስበቱ በግማሽ ይቀንሳል። በደርግ ዘመን በቻይናውያን እርዳታ የተሠራው የወረታና የወልዲያ መንገድ በደጋው ላይ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ስለዚህ ነው። በክፍል ውስጥ «ለምን ይጠቅማል?» የምትሉት ሳይን የሚባለው ነገር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። የምሕንድስና ተማሪም ይህን በቅየሳ ትምህርት በሜዳ ላይ በመሣሪያ እየለካ ይማረዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የውኃ ነው። ከጉና ተራራ አካባቢ የሚነሡት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ በ1 ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 50,000 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ግማሹን አፈሩ ቢጠጣው እንኳ የቀረው 25,000 ሜትር ኩብ ይወርዳል። በ1 ሰዓት ውስጥ ተጠቃሎ ቢፈስ በየሴኮንዱ ወደ 7 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ገደሉ ተራቍቶ አፈሩ ከሚጠጣው የሚያፈሰው ሲበልጥ ይህ ቍጥር ይጨምራል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ሕዝቡን ከቤቱ አፈናቅሏል። ወንዙን በጥር አይቶ የድልድይ ስፋት የሚወስን ሰው ነሐሴ ይፈርድበታል። ስለዚህ ጥሩ መሐንዲስ ሒሳቡን ይዞ የአገሩን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ ውኃው በእርስዎ ዕድሜ እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የአፈርና የሲሚንቶ ትምህርት ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለ ጥናት የተሠራ ግድግዳም አብሮት ይሰነጠቃል። ኮንክሪትን ደግሞ ተማሪው በኩብ ቅርጽ እየሠራ ከ7 ቀንና ከ28 ቀን በኋላ በመጭመቂያ መሣሪያ ይሰብረዋል። ለማቡካት እንዲቀል ብሎ ውኃ ያበዛ ሰው ጥንካሬውን እንደ ቀነሰ ያን ጊዜ በዓይኑ ያያል።

አራተኛው ጤናን የሚመለከት ነው። ከምንጭ በላይ ሽንት ቤት ቢቈፈር፣ ውኃው ጠርቶ እየታየ በሽታ ሊሸከም ይችላል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ የሚባለው ተሕዋስ አንድ እንኳ ሊገኝ አይገባም። ይህን ዓይን አይለየውም፤ ምርመራ ብቻ ይለየዋል። ጧትና ማታ እንስራ የምትሸከሙት እኅቶቻችን ይህን ሙያ ከማንም ይልቅ ልትፈልጉት ይገባል፤ የውኃን ዋጋ በጀርባችሁ ታውቁታላችሁና።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በየትምህርት ቤቱ ኩረጃ የሚባል ክፉ ልማድ አለ። በዩኒቨርሲቲም የቤት ሥራውና የቤተ ሙከራው ዘገባ ካለፈው ዓመት ተማሪ ወደ ዘንድሮው የሚተላለፍበት ጊዜ አለ። የሌላውን ዘገባ የገለበጠ ተማሪ ኩቡን አልሰበረም፣ ወንዙንም አልለካም። ወረቀቱ ያሳልፈዋል፤ ውኃው ግን አያሳልፈውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ድልድዩ በፈረሰ ጊዜ በላዩ የሚገኘው ኰራጁ ሳይሆን ገበያ የሚሄደው ገበሬ ወይም ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን መሆኑ ነው። ስለዚህ በሌላው ሙያ ኩረጃ ራስን ማታለል ቢሆን፣ በዚህ ሙያ የሰው ሕይወት ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

በ1945 ዓ.ም. የኢንጂኔሪንግ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲከፈት የዚህ አገር ልጅ ይህን ትምህርት ለመማር ቀዬውን ለቆ ብዙ መንገድ መሄድ ነበረበት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን በደብረ ታቦር አለ። ርቀቱ ከተወገደ የሚቀረው ትጋት ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። እስከዚያ ድረስ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። በግቢያችን ዛፍና ጣሪያ በማይከልለው ቦታ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ አቁሙ። በየቀኑ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ በውስጡ ያለውን የዝናብ ውኃ ከፍታ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ በመዝገብ ጻፉና ውኃውን ድፉት። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ዜሮ ብላችሁ ጻፉ እንጂ ቦታውን ባዶ አትተዉ፤ ያልለካችሁትንም ገምታችሁ አትሙሉ። ይህ መዝገብ ከክፍል ወደ ክፍል እየተላለፈ 10 ዓመት ቢጠበቅ፣ ነገ በዚህ አገር ድልድይ ለሚሠራ መሐንዲስ መልካም ስንቅ ይሆነዋል። ያ መሐንዲስም ከመካከላችሁ አንዱ ወይም አንዲቱ እንድትሆኑ እየተመኘሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።