የቀይ ቀበሮ እርዳታ ለምን ለውሻ ይውላል?

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም አይገኝም። የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር ተባብሮ ይሠራል። ገንዘቡ በአመዛኙ የሚመጣው እንደ ቦርን ፍሪ ካሉ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው፤ እነርሱም ከግለሰቦች መዋጮ ይሰበስባሉ።

ለዱር እንስሳ እርዳታ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ገንዘቡ ሥጋ የሚገዛበት ይመስለዋል። አይደለም። የባሌ ቀበሮ አልተራበም። በባሌ ያለው የሳነቴ አምባ ቀበሮው በሚያድነው አይጥ የተሞላ ነው፤ ትልቁ የባሌ ፍልፈል ብቻውን ወደ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ቀበሮው በመንጋ ይኖራል፣ ግዛቱን በጋራ ይጠብቃል፣ ግልገሎቹንም በጋራ ያሳድጋል፤ ለአደን የሚወጣው ግን ለብቻው ነው።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ ደግሞ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። ቀበሮው በጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ እነርሱም አይሸሹትም። ተመራማሪዎች እንደመዘገቡት፣ ለብቻው አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ሳያስወጧቸው አይቀርም። እንዲህ አድኖ ለሚያድር እንስሳ ከመኪና መስኮት ምግብ መወርወር እርዳታ አይደለም። ቀበሮውን ከሰውና ከውሻ ጋር ያላምደዋል፤ ሞቱም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው።

ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከከብት ጋር ወደ ተራራው የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ አንድ ቀበሮ ከነከሰ፣ ሲገናኙ አፍ ለአፍ የሚላላሱት የመንጋው አባላት ሁሉ ለአደጋ ይጋለጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ፣ በዌብ ሸለቆ በተነሣው ወረርሽኝ፣ በሽታው በገባበት አካባቢ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል አልቀዋል።

ስለዚህ መዋጮው የሚውለው ለውሾች ክትባት፣ መድኃኒቱን አቀዝቅዞ ለሚያቆይ ሣጥን፣ ለእንስሳት ሐኪም ደመወዝ፣ ለነዳጅና ለፈረስ ነው። ከአካባቢው ተወላጆች መካከል ተቀጥረው በየዕለቱ መንጋዎቹን የሚከታተሉ ሠራተኞችም ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ነው፤ የሞተ ቀበሮ ቀድመው የሚያገኙት እነርሱ በመሆናቸው ይህ ደመወዝ ከሁሉም ወጪ በላይ ዋጋ አለው። ክትባቱ አንዴ ተሰጥቶ የሚበቃ አይደለም። ውሻ በየጊዜው ይወልዳል፤ የዘንድሮ ክትባት ለከርሞ ቡችላ አይደርስም። ወረርሽኝ ሲሰማ ብቻ የሚጎርፍ ገንዘብ በየዓመቱ ሳይቋረጥ የሚመጣውን ያህል የማይጠቅመውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀበሮዎቹ ራሳቸው በአፍ የሚወሰድ ክትባት ያገኛሉ። የፕሮግራሙ ቡድን ማታ በፈረስ ወጥቶ በመንጋው ግዛት ውስጥ የፍየል ሥጋ ያኖራል። በሥጋው ውስጥ ክትባቱን የያዘች ትንሽ ከረጢት ተሸሽጋለች፤ ቀበሮው ሲያኝክ ትቀደድና ፈሳሹ የአፉን ውስጥ ያርሰዋል። ይህም ሥጋ ቢሆን የክትባቱ መያዣ እንጂ ቀለብ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚጠቀመው ቀበሮው ብቻ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከብትንም ይገድላል። የተከተበ ውሻ እረኛውንም፣ ልጁንም፣ ላሙንም ይጠብቃል።

ለዱር እንስሳ ለመለገስ ያሰበ ሰው፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውልና ለስንት ዓመት እንደታቀደ አስቀድሞ ይጠይቅ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ውሻ ያለው ደግሞ በክትባት ቀን ውሻውን ይዞ ይውጣ።