ያልተለካው ትከሻ፦ በምናባዊ እውነታ ውስጥ የእንቅስቃሴ መከታተያዎች አተካከልና አጠቃቀም



የዛሬው ንግግሬ በመዳፍ ስለሚያዝ፣ በማሰሪያ ከሰውነት ጋር ስለሚታሰር አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የእንቅስቃሴ መከታተያ ወይም በተለምዶ «ትራከር» ስለምንለው። የመሣሪያው አተካከል ሲነሳ ጉዳዩ የባለሙያ ብቻ ይመስለናል። የእኔ መከራከሪያ ግን ሌላ ነው፤ መከታተያውን የት እንደምናስር ስንወስን፣ ከሰው እንቅስቃሴ የትኛው እንደሚለካና የትኛው በግምት እንደሚተካ አብረን እንወስናለን።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኢቫን ሰዘርላንድ ተመልካቹ ራሱን ባዞረ ቁጥር ምስሉ አብሮ የሚለወጥበትን፣ በራስ ላይ የሚደረግ ማሳያ ለዓለም አስተዋወቀ። የራሱን አቀማመጥ ለመለካት ካገለገሉት መንገዶች አንዱ ከጣሪያ የወረደ ሜካኒካዊ ክንድ ነበር። ክንዱ ዛሬ የለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ አካሉ በዚህች ቅጽበት የት ነው? ወደየትስ ዞሯል?

ለዚህ ጥያቄ ዛሬ ካሉት መልሶች ሁለቱን ላንሳ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2016 ከኤችቲሲ ቫይቭ ጋር ለገበያ የቀረበው የ«ላይትሃውስ» ዘዴ ነው። በክፍሉ ማዕዘን የተተከሉ ጣቢያዎች ለዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ክፍሉን ያስሳሉ፤ በመከታተያው ላይ ያሉ ብርሃን ተቀባዮች ጨረሩ የነካቸውን ቅጽበት ይመዘግባሉ፤ ከጊዜው ማዕዘኑ፣ ከማዕዘኑ ቦታው ይሰላል። ሁለተኛው በጋይሮስኮፕና በአክስለሮሜትር የሚሠራው ነው። ጣቢያ አያሻውም፤ ዋጋውም ረከስ ይላል። ነገር ግን ጥቃቅን ስሕተቶች እየተደመሩ ስለሚሄዱ፣ ከቆይታ በኋላ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው በማሳያው ላይ ዞሮ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በየመካከሉ ዳግም ማስተካከል ያስፈልጋል።

ለጨረሩ ዘዴ የአተካከል ደንቡ ግልጽ ነው። ሁለት ጣቢያዎች በተቃራኒ ማዕዘኖች፣ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ብለው፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብለው ይተከሉ፤ አንዱን የሰውየው ጀርባ ሲከልለው ሌላው ያያልና። በሚንቀጠቀጥ መደርደሪያ ላይ አይቀመጡ። መስተዋትና የሚያንጸባርቅ መስታወት በጨርቅ ይሸፈን፤ ተመልሶ የመጣውን ጨረር ተቀባዩ ከቀጥተኛው ሊለየው ስለሚቸገር። የሬዲዮ መቀበያው በኮምፒውተሩ ጀርባ ከሚሰካ ይልቅ በማራዘሚያ ገመድ ወጣ ብሎ በግልጽ ቦታ ይቀመጥ። ማሰሪያው ጠበቅ ይበል፤ የላላ ማሰሪያ የሚለካው የልብሱን እንጂ የአጥንቱን እንቅስቃሴ አይደለም።

ደንቡን ሁሉ ብንጠብቅ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል። የተለመደው ሙሉ አካል አቀማመጥ ስድስት ነጥቦች አሉት፤ ራስ፣ ሁለት እጆች፣ ወገብና ሁለት እግሮች። የቀረውን አካል ሶፍትዌሩ ኢንቨርስ ኪኔማቲክስ በሚባል ስሌት ይገምታል። እጁ እዚህ፣ ራሱ እዚያ ከሆነ ትከሻው በመካከል እዚህ አካባቢ ይሆናል ይላል። ለሚራመድ ወይም ኳስ ለሚመታ ሰው ግምቱ ብዙም አያሳፍርም።

አሁን አንዲት እስክስታ ወራጅን በዚህ ሥርዓት ውስጥ እናቁም። እጆቿ ወገቧ ላይ ናቸው፤ እግሮቿ እምብዛም አይንቀሳቀሱም። የጥበቡ ሁሉ ማደሪያ ትከሻዋ፣ ደረቷና አንገቷ ነው። ስድስቱ ነጥቦች በትክክል ቢለኩም፣ በማሳያው ላይ የምትታየው ሴት ከሞላ ጎደል ቆማለች። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የተጠየቀውን በታማኝነት መልሷል። ጭፈራውን ግን አላየውም።

ችግሩ ሁለት መከታተያ በመጨመር ብቻ አይፈታም። ሶፍትዌሮች የምልክት መንቀጥቀጥን ለማስወገድ ማጣሪያ ይጠቀማሉ፤ ማጣሪያውም ፈጣንና ትንሽ የሆነውን ንዝረት እንደ ስሕተት ቆጥሮ ያለሰልሳል። የትከሻ እስክስታ ደግሞ ከዚሁ ጎራ ነው፤ ፈጣንና ትንሽ ነው። እንግዲህ ንጹሕ ያልነው መረጃ ውዝዋዜው የታጠበበት ሊሆን ይችላል። ነጠላም ሲደረብ ብርሃን ተቀባዮቹን ይጋርዳል።

ባህላዊ ውዝዋዜን በዚህ መሣሪያ ለመመዝገብ ለምታስቡ ተማሪዎች አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ መከታተያ ከማሰራችሁ በፊት እንቅስቃሴው የት እንደሚጀምር ተወዛዋዡን ጠይቁ፤ ለእስክስታ በደረት አጥንትና በሁለቱ ትከሻዎች ጫፍ፣ አጥንቱ ለቆዳ በቀረበበት ቦታ እሰሩ። ሁለተኛ፣ ያልተጣራውን መረጃ ሳትነኩ አስቀምጡ፤ ማጣሪያ በቅጂው ላይ ብቻ ይሥራ። ሦስተኛ፣ የተለካውንና የተገመተውን መገጣጠሚያ በሰነዱ ላይ ለይታችሁ ጻፉ። አራተኛ፣ ውጤቱን መልሳችሁ ለተወዛዋዡ አሳዩ፤ «ይህ የእኔ አይደለም» ካለ ቃሉ ከቁጥሩ ይቅደም።

ይህን የምለው ሰነድ ከሰው ስለሚሰነብት ነው። ጌቶቹ ካለፉ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ከፊቱ የሚያገኘው እኛ የተውንለትን ፋይል ብቻ ሊሆን ይችላል። በፋይሉ ውስጥ ያለው ትከሻ በስሌት የተገመተ መሆኑን ካልነገርነው፣ ግምቱን እንደ ውርስ ይቀበላል፤ በዚያውም ይለማመዳል።