ዕፅዋት ውርጭን በዘረመል ደረጃ የሚቋቋሙበት መንገድ



ውርጭ ባደረበት ማሳ ገበሬው ጠዋት የሚያየው የጠወለገ ሰብል ነው። የዛሬው ንግግሬ ሌሊቱን በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ስለሚካሄደው ነው።

በረዶው አስቀድሞ የሚረጋው ከሕዋሱ ውጭ ነው። ከረጋ በኋላ ግን ውኃውን ከውስጥ ይስባል፤ ሕዋሱ ተኮማትሮ ይደርቃል፣ ሽፋኑም ይጎዳል። ስለዚህ ውርጭን መቋቋም በአብዛኛው ድርቀትን መቋቋም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማይክል ቶማሾው ቡድን አራቢዶፕሲስ በተባለች ትንሽ አበባማ ተክል ላይ ሲ.ቢ.ኤፍ.1 የተሰኘውን ዘረመል ይፋ አደረገ። ተክሏ ቅዝቃዜ በነካት በ15 ደቂቃ ውስጥ ይህ ዘረመልና በ4ኛው ክሮሞዞም ከጎኑ የተሰለፉት ሁለት አቻዎቹ ሥራ ይጀምራሉ። ፕሮቲኖቻቸው ሌሎች በርካታ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳሉ፤ በዚህም ስኳር ይጠራቀማል፣ ሽፋኑን የሚጠብቁ ፕሮቲኖችም ይመረታሉ።

ታዲያ ዘረመሎቹ ዘወትር ለምን አይሠሩም? ተሞክሯል። ያለማቋረጥ በብርቱ እንዲሠሩ የተደረገባት ተክል ውርጩን ብትችልም ትቀጭጫለች፤ አበባዋም ይዘገያል። ዝግጁነት ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ ዋጋ ለደጋችን ትልቅ ጉዳይ ነው። በመጸው የሚዘራው የአውሮፓ ገብስ ገና ቡቃያ ሳለ፣ አየሩ በየሳምንቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ለበረዶው ወራት ይዘጋጃል። የእኛን ገብስ ግን ውርጭ የሚመታው ብዙ ጊዜ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሞቃት ቀን በተከተለው ጥርት ያለ ሌሊት፣ ሰብሉ ሲያብብ ወይም ሲያሸት ነው። ለመዘጋጀት ሳምንታት የሉትም። በገብስ 5ኛ ክሮሞዞም ላይ የሲ.ቢ.ኤፍ. ዘረመሎች በዘለላ ተሰድረው ይገኛሉ፤ ቁጥራቸውም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ሆኖም ቡቃያን ከውርጭ ያዳነ ዘረመል አበባንም ያድናል ብለን መደምደም አንችልም።

በሰሜንና በባሌ ተራሮች አናት የሚበቅለው ጅብራ ቀን ፀሐይን፣ ሌሊት ውርጭን እየቻለ ዓመታት ይኖራል። በአዲስ አበባው የዘረመል ባንክም ገበሬዎቻችን ለዘመናት የመረጧቸው በሺህ የሚቆጠሩ የገብስ ናሙናዎች ተቀምጠዋል። ለወጣት ተመራማሪዎች የማቀርበው ጥሪ አንድ ነው፦ እነዚህን ናሙናዎች በቡቃያነታቸው በማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ አትፈትኗቸው፤ ሲያብቡና ሲያሸቱ፣ በደጋው ማሳ፣ በኅዳር ሌሊት ፈትኗቸው። ገበሬው የሚከስረው በዚያች ሌሊት ነውና።